የማያውቁትን ማዘዝ፦ የሥራ መሪ በአይቲ መሠረተ ልማት ላይ ያለበት ኃላፊነት

የባንክ፣ የሆስፒታል ወይም የንግድ ድርጅት ሥራ አስኪያጅ ስለ ሰርቨርና ስለ ኔትወርክ ብዙም ሳያውቅ በሰርቨርና በኔትወርክ ላይ ይወስናል። በጀት ያጸድቃል፣ ከአቅራቢ ጋር ውል ይፈርማል፣ አዲሱ ሲስተም ሥራ የሚጀምርበትን ቀን ይቆርጣል። የወሰነበት ነገር ሲበላሽ «እኔ የቴክኒክ ሰው አይደለሁም» ይላል። መልሱ እውነት ነው። እውነት መሆኑ ግን ከተጠያቂነት ያድነዋል ወይ? ሰው ባላወቀው ነገር ሊወቀስ ይችላልን? ከቻለስ የትኛው አለማወቅ ይቅር ይባላል፣ የትኛውስ ራሱ ጥፋት ይሆናል? ጥያቄው ከኮምፒውተር በብዙ መቶ ዓመታት ይቀድማል። ዛሬ ግን በየቢሮው፣ በየፊርማው ሥር የሚነሳ የዕለት ጥያቄ ሆኗል።

መልሱን ለመፈለግ በቅድሚያ የሚታዘዘው ነገር ምን እንደሆነ ማየት ያስፈልጋል። መሠረተ ልማቱ ከታች ወደ ላይ ሲታይ የሚጀምረው ከኤሌክትሪክ ነው። መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተሩ እስኪነሳ ድረስ ማሽኖቹን የሚያቆያቸው የዩፒኤስ ባትሪ ነው። ቀጥሎ ኬብሉና መሣሪያዎቹ ይመጣሉ፦ በአንድ ሕንፃ ውስጥ ያሉትን ኮምፒውተሮች፣ ፕሪንተሮችና ካሜራዎች እርስ በርስ የሚያገናኘው ስዊች፤ የሕንፃውን ኔትወርክ ከውጭው ጋር የሚያገናኘውና መልእክቱ የሚሄድበትን መንገድ የሚመርጠው ራውተር፤ የሚገባውንና የሚወጣውን በተሰጠው ደንብ የሚያጣራው ፋየርዎል። ከሕንፃው ደጅ ጀምሮ ያለው መስመር የቴሌኮም ድርጅቱ ሲሆን ብዙውን ጊዜ ፋይበር ነው። በመስመሩ ማዶ ሰርቨሮቹ አሉ። እነርሱም በድርጅቱ በራሱ ክፍል፣ በኪራይ ዳታ ሴንተር ወይም «ክላውድ» በሚባለው፣ ማለትም በሌላ ድርጅት ሕንፃ ውስጥ በሌላ ድርጅት ማሽን ላይ ይገኛሉ። ከእነዚህ ጋር ዓይን የማያያቸው ሁለት አገልግሎቶች ይሠራሉ። አንዱ ዲኤንኤስ ሲሆን ሰዎች የሚጽፉትን የድረ ገጽ ስም ማሽኖች ወደሚጠቀሙበት የቁጥር አድራሻ ይመልሳል። ሌላው የማንነት ማረጋገጫው ነው፤ ማን እንደገባና ምን እንደተፈቀደለት ይወስናል። የሒሳብ ሠራተኛው በስክሪኑ ላይ የሚያየው ፕሮግራም ከዚህ ሁሉ በላይ ያለ ስስ ንጣፍ ነው።

በባንክ መስኮት «ሲስተም የለም» ሲባል ከጀርባው ያለው ምክንያት የተቆረጠ ፋይበር፣ የሞላ ዲስክ፣ ጊዜው ያለፈበት የደኅንነት ሰርተፊኬት ወይም የደከመ ባትሪ ሊሆን ይችላል። ወረፋ ለያዘው ደንበኛ ሁሉም አንድ ናቸው። ለሥራ መሪው ግን አንድ ሊሆኑ አይገባም፤ ከየብልሽቱ በስተኋላ አስቀድሞ የተሰጠ ወይም ሳይሰጥ የቀረ ውሳኔ አለና። ሁለተኛው መስመር በሌላ አቅጣጫ አልተዘረጋ ይሆናል፤ ባትሪው በጊዜው አልተለወጠ ይሆናል፤ ሰርተፊኬቱን የሚከታተል ሰው አልተመደበ ይሆናል።

ነገሩን የሚያከብደው በንጣፎቹ መካከል ያለው ጥገኝነት ድብቅ መሆኑ ነው። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 4 ቀን 2021 ፌስቡክ፣ ኢንስታግራምና ዋትስአፕ ለስድስት ሰዓት ያህል ከዓለም ጠፉ። ኩባንያው በኋላ እንዳስረዳው፣ በመደበኛ ጥገና ወቅት የዋናውን የውስጥ መስመር አቅም ለመለካት የተሰጠ አንድ ትእዛዝ የዳታ ሴንተሮቹን ግንኙነት ሁሉ አቋረጠ። እንዲህ ያለውን ትእዛዝ ሊያግድ የሚገባው መቆጣጠሪያ ራሱ ስሕተት ነበረበት። የዲኤንኤስ ሰርቨሮቹ ከዳታ ሴንተሮቹ ጋር መገናኘት ሲያቅታቸው፣ በተሠሩበት ደንብ መሠረት፣ አድራሻቸውን ለኢንተርኔት ማስታወቃቸውን አቆሙ። ሰርቨሮቹ ደኅና ነበሩ፤ ወደ እነርሱ የሚያደርሰው መንገድ ግን የትም አልነበረም። መሐንዲሶቹ ብልሽቱን ለመጠገን የሚጠቀሙባቸው መሣሪያዎችም በዚያው ኔትወርክ ላይ የቆሙ ስለነበሩ አብረው ወደቁ። እያንዳንዱ ክፍል የታዘዘውን ፈጸመ፤ የወደቀው ድምሩ ነው። ብዙ የተካኑ የኔትወርክ ባለሙያዎች የሚሠሩበት ድርጅት የራሱን ጥገኝነት አስቀድሞ ካላየ፣ የሒሳብ ወይም የሕግ ትምህርት ያለው ሥራ አስኪያጅ እንዲያየው መጠበቅ ፍትሐዊ አይመስልም።

ፕላቶ «ካርሚዴስ» በተባለው ድርሰቱ ይህንኑ ችግር በጥንቱ መልክ አንስቶታል። ሶቅራጥስ ከክሪቲያስ ጋር ሲከራከር፣ ሕክምናን የማያውቅ ሰው እውነተኛውን ሐኪም ከአስመሳዩ መለየት ይችላልን ብሎ ይጠይቃል። ክርክሩ የሚያመራው ወደማያጽናና መልስ ነው፦ ሐኪምን በሕክምናው የሚመዝነው ሕክምናን የሚያውቅ ብቻ ነው። ይህ ትክክል ከሆነ ሥራ አስኪያጁ ከሁለት አንዱን መምረጥ አለበት፤ ወይ ራሱ የኔትወርክ መሐንዲስ መሆን፣ ወይ ዓይኑን ጨፍኖ ማመን። የመጀመሪያው አይሆንም፤ ሁለተኛውም የሚያኮራ አይደለም።

አሜሪካዊው ፈላስፋ ጆን ሃርድዊግ እ.ኤ.አ. በ1985 ባሳተመው ጽሑፍ ከዚህ ማነቆ የሚያወጣ መንገድ ጠቁሟል። እርሱ እንደሚለው፣ ራሱ ማረጋገጥ የማይችለውን ነገር ከሚያውቀው ሰው ተቀብሎ ማመን ምክንያታዊ ሊሆን ይችላል፤ እንዲያውም ሁሉን በራሱ አእምሮ ብቻ ለመመዘን ከሚሞክረው ሰው ይልቅ የሚያምነው ብልህ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ለዚህ ያቀረበው ምሳሌ 99 ደራሲያን ያሉት የፊዚክስ ጽሑፍ ነው። ከዘጠና ዘጠኙ ውስጥ ሥራውን ሁሉ ብቻውን ሊያረጋግጥ የሚችል የለም፤ እያንዳንዱ በሌሎቹ ላይ ተደግፎ ነው የሚያውቀው። የአይቲ ክፍሎችም የሚሠሩት እንዲሁ ነው። የኔትወርክ ባለሙያው የዳታቤዝ ባለሙያውን ያምናል፣ ሁለቱም የሶፍትዌር አምራቹን ያምናሉ። ስለዚህ ማመን በራሱ የሥራ መሪው ድክመት አይደለም። ሆኖም ሃርድዊግ የገለጸው እምነት ባዶ እምነት አይደለም፤ የሚያምነው ሰው የሚታመነው በእርግጥ እንደሚያውቅ ለማመን በቂ ምክንያት ሊኖረው ይገባል። ማመን አንድ ነገር ነው፣ አለመጠየቅ ሌላ።

ሁለቱን ለይቶ ያሳየው እንግሊዛዊው የሒሳብ ሊቅና ፈላስፋ ዊልያም ክሊፎርድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1877 ባሳተመው ጽሑፍ ስለ አንድ የመርከብ ባለቤት ይተርካል። መርከቧ አርጅታለች፣ ብዙ ጊዜ ተጠግናለች፣ ባለቤቱም ጥርጣሬ ገብቶታል። ግን ከዚህ በፊት ስንት ማዕበል እንዳለፈች ራሱን እያስታወሰ ጥርጣሬውን ያፍነዋል፤ በመጨረሻም ደኅና ናት ብሎ ከልቡ ያምንና መንገደኞቹን አሳፍሮ ይልካል። መርከቧ ትሰጥማለች። ክሊፎርድ ሰውየው ከልቡ ማመኑን አይክድም፤ ያመነበት መንገድ ግን መብት አይሰጠውም ነው የሚለው። ቀጥሎ ደግሞ መርከቧ በደኅና ብትደርስስ ብሎ ይጠይቃል። መልሱ ጥፋቱ ያው ነው፤ አልታወቀበትም እንጂ።

ከመቶ አርባ ዓመት በኋላ በዚያው በእንግሊዝ የሆነው ነገር ለዚህ ክርክር የተጻፈ ይመስላል። ቲኤስቢ የተባለው ባንክ ከሎይድስ ባንክ ተለይቶ በስፔኑ ሳባዴል ባንክ ከተገዛ በኋላ ለዓመታት የቀድሞ እናቱን የሎይድስን ሲስተም እየተከራየ ይሠራ ነበር። አዲሱን ሲስተም ያዘጋጀለት የሳባዴል የአይቲ ኩባንያ ሳቢስ ነው። እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2018 የአምስት ሚሊዮን ያህል ደንበኞች መረጃ በአንድ ቅዳሜና እሑድ ወደ አዲሱ ሲስተም ተዛወረ። መረጃው ራሱ በደኅና ተሻገረ፤ የተሻገረበት መድረክ ግን ሥራ ሲጀምር ተንገዳገደ። እስከ 1.9 ሚሊዮን የሚደርሱ ደንበኞች ወደ ሒሳባቸው መግባት አቃታቸው፣ ቅርንጫፎቹም ተቸገሩ። ባንኩ ሙሉ በሙሉ ወደ መደበኛ ሥራው የተመለሰው በዲሴምበር ወር ነው። የእንግሊዝ ተቆጣጣሪዎች እ.ኤ.አ. በ2022 ባንኩን በድምሩ 48.65 ሚሊዮን ፓውንድ ቀጡ።

ከዚያ በኋላ የመጣው ውሳኔ ለዚህ ጽሑፍ ጥያቄ ይበልጥ ይቀርባል። እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2023 የባንኩ የቀድሞ የአይቲ ዋና ኃላፊ ካርሎስ አባርካ በግሉ 81,620 ፓውንድ ተቀጣ። ጥፋቱ የኔትወርክ ዕውቀት ማጣት አልነበረም፤ እርሱማ የቴክኒክ ሰው ነው። የተቀጣው ሳቢስ ሲስተሙን የመሸከም አቅም እንዳለው ባንኩ በሚገባ እንዲመረምር ባለማድረጉ ነው። ሳቢስ «ዝግጁ ነን» የሚል ማረጋገጫ ሰጥቶ ነበር። የዚያ ማረጋገጫ ከፊሉ ሳቢስ ራሱ በሚደገፍባቸው ሌሎች አቅራቢዎች ቃል ላይ የቆመ ሲሆን፣ የእነርሱ ቃል ደግሞ በቦታው የሆነን ነገር የሚመሰክር ሳይሆን ወደፊት ይሆናል ብሎ የሚጠብቅ ነበር። ወረቀቱ ደረሰ፣ ተነበበ፣ ታመነ። የክሊፎርድን ባለመርከብ ከአባርካ የሚለየው አንድ ነገር አለ፤ ባለመርከቡ ጥርጣሬውን ለማፈን ደክሟል፣ እዚህ ግን ጥርጣሬውን የሚተካው ደብዳቤ በሥርዓቱ ተጽፎ መጣ። የዘመኑ የሥራ መሪ ፈተና በአብዛኛው ይኸው ነው። ውሸት የሚነግረው ሰው የለም፤ ተስፋ ግን ማስረጃ መስሎ ጠረጴዛው ላይ ይቀመጣል።

ከዚህ ጉዳይ የፕላቶን እንቆቅልሽ የሚፈታ ነገር ይገኛል። ሕክምናን የማያውቅ ሰው መድኃኒቱን መመዘን አይችልም፤ ማስረጃው ምን ዓይነት እንደሆነ ግን መመዘን ይችላል። «ይሠራል ብለን እንገምታለን» እና «ባለፈው ረቡዕ ሞክረነዋል፣ ውጤቱ ይኸው» በሚሉት መካከል ያለውን ልዩነት ለመረዳት የራውተር ትምህርት አያስፈልግም። መጠባበቂያ ቅጂ አለ ሲባል መጨረሻ መቼ ከቅጂው ላይ መረጃ ተመልሶ እንደታየ፣ ሁለተኛ የኢንተርኔት መስመር አለ ሲባል ሁለቱ ኬብሎች በአንድ ቦይ ውስጥ እንዳይሆኑ፣ ሁለት ዳታ ሴንተር አለ ሲባል የአንደኛው መውደቅ ተሞክሮ እንደሆነ መጠየቅ የማንኛውም አስተዋይ ሰው አቅም ነው። መልሱ ተድበስብሶ ከመጣ መድበስበሱ ራሱ መረጃ ነው።

የቱ አለማወቅ ይቅር ይባላል ለሚለው ደግሞ አርስቶትል በኒቆማኮስ ሥነ ምግባር ሦስተኛ መጽሐፍ የተወው መለኪያ ዛሬም ይሠራል። ሰው በአለማወቅ ያደረገው ነገር በፈቃዱ እንዳላደረገው ሊቆጠር ይችላል። ላለማወቁ ምክንያቱ ራሱ ሲሆን ግን ነገሩ ይለወጣል። ሰካራም በደለኛ እጥፍ ይቀጣ የነበረው፣ ያለመስከር በእጁ ስለነበረ ነው ይላል። ሊያውቀው የሚገባውንና ለማወቅ የማይከብደውን ሕግ ሳያውቅ የቀረም እንዲሁ ይቀጣል። መለኪያው እንግዲህ «ያውቅ ነበር ወይ» ከሚለው ወደ «ለማወቅ በእጁ ነበር ወይ» ይሻገራል።

በዚህ መለኪያ ሁለት ጉዳዮችን ማየት ይቻላል። እ.ኤ.አ. ጁላይ 19 ቀን 2024 ክራውድስትራይክ የተባለው የደኅንነት ሶፍትዌር ኩባንያ ስሕተት ያለበት ማሻሻያ ለደንበኞቹ ላከ። ከ78 ደቂቃ በኋላ መለሰው፤ ነገር ግን በማይክሮሶፍት ግምት 8.5 ሚሊዮን የዊንዶውስ ኮምፒውተሮች ወድቀው ነበር፣ ብዙዎቹም አንድ በአንድ በሰው እጅ መነሳት ነበረባቸው። የአየር መንገድ ወይም የሆስፒታል ሥራ አስኪያጅ በዚያ ፋይል ውስጥ ስሕተት እንዳለ ሊያውቅ የሚችልበት መንገድ አልነበረም፤ በዚህ የሚወቅሰው ሰው ፍርድ ያጓድላል። በድርጅቱ ያሉት ማሽኖች ሁሉ ከአንድ አቅራቢ፣ በአንድ ሰዓት፣ ማንም ሳይፈቅድ ለውጥ እንደሚቀበሉ ግን ማወቅ ይችል ነበር። ማሽኖቹ አብረው ቢወድቁ በእጅ ለማንሳት ስንት ሰውና ስንት ቀን እንደሚፈጅም አስቀድሞ መጠየቅ ይችል ነበር።

ሁለተኛው የመርስክ ጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ. በጁን 2017 ኖትፔትያ የተባለው አጥፊ ፕሮግራም በዩክሬን በሚሠራበት አንድ የሒሳብ ሶፍትዌር ማሻሻያ በኩል ገብቶ የዓለምን ግዙፍ የመርከብ ኩባንያ አሽመደመደው። ኩባንያው በአሥር ቀን ውስጥ 4,000 ሰርቨሮችንና 45,000 ኮምፒውተሮችን እንደገና መትከል ነበረበት፤ ኪሳራውም ከ250 እስከ 300 ሚሊዮን ዶላር ተገምቷል። የማንነት ማረጋገጫውን የሚይዙት ሰርቨሮች በየአገሩ ተበትነው አንዱ የሌላው መጠባበቂያ ነበሩ። ሁሉም በአንድ ጊዜ ይጠፋሉ ብሎ ያሰበ አልነበረምና፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ጠፉ። ከአንዱ በስተቀር፦ በጋና ያለው ሰርቨር በዚያች ሰዓት መብራት ጠፍቶበት ከኔትወርኩ ተለይቶ ነበር። ፈላስፎቹ ቶማስ ኔግልና በርናርድ ዊልያምስ እ.ኤ.አ. በ1976 ያነሱት የዕድልና የግብረ ገብ ክርክር እዚህ ላይ በሙሉ ክብደቱ ይታያል። የመብራት መጥፋት የማንም ትጋት አይደለም። ኩባንያው በመትረፉ ምስጋና የሚገባው ሥራ አስኪያጅ የለም፤ ሰርቨሩም ባይተርፍ ኖሮ የመሪዎቹ ጥፋት ከነበረው አይበልጥም ነበር። መደረግ የነበረበትና በእጅ የነበረው፣ አንድ ቅጂ ከኔትወርኩ ተነጥሎ እንዲቀመጥ ማዘዝ ነው።

እስካሁን የተነሳው የመሪው በደለኝነት ነው። ከዚያ ያላነሰ የሚያስጨንቀው ግን የአለማወቁን ዋጋ የሚከፍለው ማን ነው የሚለው ነው። የእንግሊዝ ፖስታ ቤት እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ ፉጂትሱ የተባለውን ኩባንያ ሆራይዘን የተባለ የሒሳብ ሲስተም በቅርንጫፎቹ ዘረጋ። ሲስተሙ የሌለ ጉድለት ሲያሳይ ቅርንጫፎቹን በውል የሚያስተዳድሩት ሰዎች ከኪሳቸው እንዲከፍሉ ተጠየቁ፣ ተከሰሱ፣ አንዳንዶቹም ታሰሩ። እ.ኤ.አ. እስከ 2015 ባሉት ዓመታት ከ900 በላይ ሰዎች ጥፋተኛ ተብለዋል። በክርክሩ ውስጥ ወሳኝ የነበረው የኔትወርክ ጥያቄ ነው፦ ከማዕከል ሆኖ የቅርንጫፉን ሒሳብ መንካት ይቻላል ወይ? ፖስታ ቤቱ አይቻልም እያለ ለዓመታት ጸና። ይቻል ነበር፤ ይህንንም ከፍተኛው ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2019 አረጋገጠ። በዚያች አገር ያለው የማስረጃ ሕግ ኮምፒውተር በትክክል እንደሚሠራ አስቀድሞ የሚገምት ስለሆነ፣ አልሠራም የሚለው ምስኪን የማያየውን ማሽን ስሕተት እንዲያሳይ ይጠበቅበት ነበር። ፍርዶቹ በጅምላ የተሻሩት እ.ኤ.አ. በ2024 በወጣ ሕግ ነው። የላይኛው ሰው ላለመጠየቅ የመረጠው ነገር ከታች ባለው ሰው ላይ የወንጀል ፍርድ ሆኖ ወረደ። ከዚህ የከፋ የኃላፊነት መገለባበጥ ማሰብ ያስቸግራል።

በኢትዮጵያም ማሽኑ የፈቀደውና የተገባው አንድ እንዳልሆኑ በግልጽ የታየበት ሌሊት አለ። በመጋቢት 2016 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም ላይ በተፈጠረ ችግር ደንበኞች በሒሳባቸው ካለው ገንዘብ በላይ ማውጣትና ማስተላለፍ ቻሉ፤ ወሬው በዩኒቨርሲቲዎች ሲሰማ ተማሪዎች በኤቲኤም ፊት ተሰለፉ። ባንኩ የሳይበር ጥቃት እንዳልነበረ አስታወቀ፣ ገንዘቡን ለሚመልሱ እንደማይከሰሱ ቃል ገባ፣ ያልመለሱትን ስምና ፎቶ አወጣ። ያለአግባብ ያወጣው ሰው ጥፋት የራሱ ነው፤ ሲስተሙ መፍቀዱ አያጸዳውም። ነገር ግን ሲስተሙ እንዲፈቅድ የሆነበት ሁኔታ ደግሞ የሌላ ሰው ኃላፊነት ነው፤ የተማሪዎቹ ፎቶ መለጠፉም ያንን ኃላፊነት አይሸፍነውም። ሁለት ጥፋቶች አንዱ ሌላውን ሳይቀንስ ጎን ለጎን ሊቆሙ ይችላሉ።

ከሁሉ የሚዘነጋው ግን ሥራ አስኪያጁ ብቻ ሊመልሳቸው የሚገቡ ጥያቄዎች መኖራቸው ነው። አንድ አገልግሎት 99.9 በመቶ ይሠራል ሲባል በዓመት 8 ሰዓት ከ46 ደቂቃ ገደማ ሊቋረጥ ይችላል ማለት ነው፤ 99.99 በመቶ ሲባል ደግሞ 53 ደቂቃ ገደማ። የመጀመሪያውን ወደ ሁለተኛው ለማሳደግ ብዙ ገንዘብ ይወጣል። የትኛው ይበቃል? መሐንዲሱ ዋጋውን ይናገራል እንጂ ይህን ሊወስን አይችልም። ለልብስ መደብር ስምንት ሰዓት የአንድ ቀን ገበያ ነው፤ ለደም ባንክ የሰው ሕይወት ነው። ሲስተሙ ከወደቀ በኋላ በስንት ሰዓት መመለስ አለበት፣ የስንት ሰዓት መረጃ ቢጠፋ ይቻላል የሚሉት ሁለት ቁጥሮችም እንዲሁ የቴክኒክ ይመስላሉ እንጂ ማን ምን ያህል ይጎዳ የሚል ፍርድ ናቸው። መሪው እነርሱን «የአይቲ ጉዳይ ነው» ብሎ ሲያሳልፍ ያላወቀውን ነገር መተዉ አይደለም፤ ከማንም በላይ የሚያውቀውን ነው ለማያውቀው ሰው የሚያስረክበው።

ክላውድ ይህን አያስቀርም። ማሽኑ፣ ኤሌክትሪኩና ሕንፃው ወደ አቅራቢው ይሻገራሉ፤ ማን ወደ መረጃው ይገባል፣ ቅጂው የት ይቀመጣል፣ አገልግሎቱ ሲቋረጥ ሥራው በምን ይቀጥላል የሚሉት ከተከራዩ ጋር ይቀራሉ። ውሉ ለመቋረጥ የሚሰጠው ካሳ ብዙውን ጊዜ ከአገልግሎቱ ክፍያ ላይ የሚቀነስ ነው፤ ደንበኛው ያጣውን አይተካም።

ግዴታው በድርጅቱ ልክ ይሰፋል ይጠባል። ሃያ ሠራተኞችና አንድ የአይቲ ባለሙያ ያሉት የአዲስ አበባ አስመጪ የባንክ ያህል ምርመራ ሊያካሂድ አይችልም፣ አይጠበቅበትምም። የዋናው ሲስተም የይለፍ ቃል በአንድ ሰው ጭንቅላት ውስጥ ብቻ እንዳይቀር ማድረግ፣ የሒሳቡ ቅጂ ከሕንፃው ውጭ መቀመጡን ማረጋገጥ፣ በዓመት ቢያንስ አንድ ቅዳሜ ቅጂውን በሌላ ኮምፒውተር ላይ አስመልሶ ባለቤቱ ራሱ የደንበኛ ሒሳብ ከፍቶ ማየት ግን በእጁ ነው። ባለሙያው ይህን ፈተና እንደ ጥርጣሬ እንዳይቆጥረው አስቀድሞ መነጋገር ይገባል፤ ጥሩ ባለሙያ ሥራው በዓይን ሲታይለት ይደሰታል፣ የጎደለው ባትሪም ሆነ ዲስክ የሚገዛለት በዚያው ቀን ነው።